ቡናማው ድብ ስለ ምን ይወፍራል?

ድብ በአገራችን የለም። ስሙን የምናውቀው ዳዊት በእረኝነቱ ዘመን አንበሳና ድብ መግደሉን ከሚናገረው ታሪክ ነው። ቀድሞ በሰሜን አፍሪካ፣ በአትላስ ተራሮች፣ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን በአፍሪካ ዱር አይገኝም። ስለዚህም ብዙዎቻችን ድብን በልቶ ከመተኛት በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው ሰነፍ አውሬ እንቈጥረዋለን። ዳሩ ግን መብላቱም መተኛቱም ብርቱ ምክንያት አለው።

ቡናማው ድብ በእስያ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይኖራል። ኑሮው ጐልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በአላስካ የሚገኘው ካትማይ የተባለው ጥብቅ ምድር ነው። እኛ በዝናብ በምንከርምበት በሐምሌ ወር በዚያ በጋ ነው። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ላይ ሲጓዝ የብሩክስን ወንዝ ፏፏቴ መዝለል ግድ ይሆንበታል። ድቦቹም ከፏፏቴው አፋፍ ቆመው የዘለለውን ዓሣ በአፋቸው ይቀልቡታል። መልካሙን ቦታ የሚይዘው ጕልበተኛው ወንድ ነው፤ ደካማው ከታች ሆኖ የተረፈውን ይለቅማል። ዓሣው የበዛ እንደ ሆነ ሥጋውን ትተው ስብ ያለበትን ቆዳውን፣ አንጎሉንና እንቁላሉን ብቻ ይበላሉ። ለተመልካች ጥጋብ ይመስላል፤ እነርሱ ግን የሚሹት ስብ ነው። ዓሣ በሌለበት ጊዜ ሣር፣ ሥራሥርና የዱር ፍሬ ይበላሉ።

በረዶው ሲመጣ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ያን ጊዜ ድቡ ጕድጓድ ቆፍሮ ይገባና ግማሽ ዓመት ያህል ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሽንትም ሳይሸና ይተኛል። የልቡ ትርታ እጅግ ይቀንሳል፤ የሰውነቱ ሙቀት ግን የሚወርደው በጥቂት ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ቢነኩት ሊነቃ ይችላል። ሰው ይህን ያህል ጊዜ ቢተኛ ጡንቻው በመነመነ፣ አጥንቱም በሳሳ ነበር። ድብ ግን በሽንት መውጣት የነበረበትን ቆሻሻ መልሶ ለሰውነቱ መጠገኛ ያደርገዋል። ሊቃውንትም ለሰው ሕክምና ይጠቅም እንደ ሆነ ብለው ይመረምሩታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የእናቲቱ ነገር ነው። በግንቦትና በሰኔ ከወንዱ ጋር ተገናኝታ ትፀንሳለች፤ ፅንሱ ግን ከማኅፀንዋ ሳይጣበቅ እስከ ኅዳር ገደማ ይቆያል። እስከዚያ በቂ ስብ ካጠራቀመች ያድጋል፤ ከስታ እንደ ሆነ ግን ሳይያዝ ይቀራል። ደቦሎቹ በጥር ገደማ በጕድጓዱ ውስጥ ሲወለዱ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ክብደታቸውም ግማሽ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እርስዋም አንዳች ሳትቀምስ ከገዛ ስብዋ በሚገኘው ወተት ታሳድጋቸዋለች።

በረዶው ቀልጦ ከወጡ በኋላም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ከእርስዋ አይለዩም። ትልልቆቹ ወንዶች ደቦሎችን ስለሚገድሉ ወደ ፏፏቴው ይዛቸው መቅረብ ትፈራለች፤ ካልቀረበች ደግሞ ትከሳለች። አንዳንዶቹ እናቶች ልጆቻቸውን ዛፍ ላይ አውጥተው ብቻቸውን ወደ ዓሣው ይወርዳሉ። ደቦሎቹም ቅርንጫፉን እንደ ጨበጡ እናታቸው እስክትመለስ ይጠብቃሉ።