በጠላቂ ራስ ላይ ስለሚያልፍ ጀልባ፤ ተረቱና እውነታው

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዛንቺስ ቅዱስ ዑራኤል ድረስ ባለው ሰፈር የሚኖር ሰው፣ ስለ ባሕር ጠላቂና ስለ ሞተር ጀልባ ሲነገር ቢሰማ፣ ነገሩ ለሌላ ሕዝብ የተጻፈ ነው ብሎ ቢያልፈው እምብዛም አይፈረድበትም፤ አገራችን የባሕር በር ካጣች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታልና፣ ጠላቂ የሚለውም ስም በከተማችን የሚሰማው፣ ክረምት በገባ ቁጥር የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ከወንዝ ወይም ውኃ ካቆረ ጉድጓድ የሰው አስከሬን አወጡ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ነውና። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት ተረት ይኸው «እኛን አይመለከትም» የሚለው ነው። ቅዳሜ ማለዳ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ልጆቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ የሚወርደው ቤተሰብ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚበርረው የጉባኤ እንግዳ፣ ደግሞም በጥንቱ ዘመን ከለገሃር፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከለቡ በሚነሣው ባቡር ወደ ጅቡቲ የሚሻገረው መንገደኛ፣ ሁሉም ሞተር ጀልባና ራቁቱን የሆነ ገላ በአንድ ውኃ ወደሚገናኙበት ሥፍራ ይደርሳሉ። ለጠላቂ የሚነገረውም ነገር አብዛኛው ለዋናተኛም የሚሆን ነው።

እጅግ የተስፋፋው ተረት፣ በሕግ የተጠበቀ ውኃ ለሚጠልቅበት ሰውም የተጠበቀ ነው የሚለው ነው። የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል፤ በጅቡቲም በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ያሉት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ዙሪያቸው ጥብቅ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው አዋጅ የሚታወጅበትን ምክንያት ላስተዋለ ሰው፣ ጥበቃው ለዓሣው፣ ለኮራሉ፣ ለደንገሉና ለወፉ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የጀልባው ፍጥነት ካልተወሰነ፣ የዋናተኛውም ክልል በተንሳፋፊ ምልክት ካልተከለለ በስተቀር፣ የአዋጁ ቃል ብቻውን የሞተርን ስለት አያግድም። እንዲያውም ሥፍራው በውበቱ በታወቀ መጠን ጎብኚው ይበዛል፣ ጎብኚው በበዛም መጠን ጀልባው ይበዛል። ለዚህ ምስክር የሚሆን በቅርባችን አለ። በጅቡቲ በአርታ ዳርቻ በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍና ገር ዓሣ ደቃቅ ምግቡን ፍለጋ እስከ ውኃው ገጽ ይወጣል፤ ሰዎችም ከዳር እየገቡ፣ ጀልባዎችም ከወደብ እየመጡ ይከቡታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት፣ በዚያ ባሕረ ሰላጤ ከተመዘገቡት ዓሦች ከግማሽ የሚበልጡት በጀልባ ወይም በሞተር ስለት የተመቱበትን ጠባሳ ይዘው እንደ ተገኙ ይገልጻል። ቁመቱ ከሰው እጅግ የሚበልጥ፣ በነጠብጣብ ያጌጠ ፍጥረት ከጀልባ ነጂ ዓይን ከተሰወረ፣ ከውኃው በላይ ራሱን ብቻ ያወጣ ሰው እንዴት ይታያል?

«ጀልባ ሲመጣ እሰማዋለሁ፤ በስተግራ ከመጣ በስተቀኝ እሸሻለሁ» የሚለው ደግሞ ከተረቶች ሁሉ ይልቅ የሚያታልል ነው፤ እኩሌታው እውነት ነውና። ጠላቂ ጀልባን መስማቱ አይቀርም፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ምክንያቱም ይህ ነው፦ በአየር ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ፣ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰው የድምፅን አቅጣጫ ከሚለይባቸው መንገዶች ዋነኛው፣ ድምፁ ወደ አንደኛው ጆሮ ከሌላው ጥቂት ቀድሞ መድረሱ ነው፤ ይህች ቅድሚያ በአየር ውስጥ እንኳ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ያነሰች ስትሆን፣ ውኃው ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ስለምታንስ አእምሮ ሊመዝናት አይችልም። ከዚህም በቀር በውኃ ውስጥ ድምፅ በራስ ቅል አጥንት አልፎ ስለሚገባ፣ ሁለቱም ጆሮዎች ባንድነት የሰሙ ይመስላቸዋል፤ የጀልባውም ጩኸት ከየአቅጣጫው፣ ወይም ከገዛ ራስ ውስጥ የሚነሣ ሆኖ ይታሰባል። ይህን ለማወቅ እስከ ቀይ ባሕር መውረድ አያስፈልግም። እዚሁ በከተማችን ባለ መዋኛ፣ ባልንጀራህ ከአንድ ማዕዘን ሁለት ድንጋይ ከውኃው በታች ሲያጋጭ፣ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ራስህን ዝቅ በማድረግ ድምፁ ወደ መጣበት ጠቁም፤ ቀና ስትል ጣትህ ወዴት እንዳመለከተ ታያለህ። ርቀትም እንዲሁ ነው፤ ሩቅ የሆነው ጀልባ ቅርብ መስሎ ያስደነግጣል፣ ቅርብ የሆነውም ሩቅ መስሎ ያዘናጋል።

እስቲ ደግሞ ስሌቱን እንመልከት። በሥርዓት የሠለጠነ ጠላቂ ሲወጣ በደቂቃ ከ9 ሜትር እንዳይፈጥን ይታዘዛል፤ ስለዚህ በ9 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሞ ወደ ላይ ሲመለከት ጀልባ ባያይና መውጣት ቢጀምር፣ ገጹ ላይ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጀልባ በዚያችው ደቂቃ 600 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ጠላቂው ጉዞውን ሲጀምር እንደ ነጥብ እንኳ ያልታየው ጀልባ፣ እርሱ ብቅ ሲል በራሱ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «ነጂው ያየኛል» ይላል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ የተሻገረ ሁሉ ግን ይህን ሊመረምር ይችላል፤ ሞተሩ ጉልበት ሲጨምር የጀልባው አፍንጫ ወደ ላይ ስለሚነሣ ፊት ለፊት ያለው ውኃ ከነጂው ይጋረዳል፣ የረፋዱም ፀሐይ ከማዕበሉ ላይ እያንጸባረቀ ዓይንን ይወጋል። ዓሣ አጥማጅ ተቀምጦባት የሚቀዝፋት የደንገል ታንኳ እንኳ በዚያ ብልጭታ መካከል የምትታየው ቀረብ ሲሉ ነው። ነጂው ከ50 ሜትር ርቀት ቢያይ፣ በተባለው ፍጥነት የቀረው አምስት ሴኮንድ ነው፤ ጀልባም እንደ መኪና ፍሬን የለውም።

ስለ ባንዲራም የሚነገረው ተረት ጥቂት አይደለም። ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ቀይ ባንዲራ፣ ወይም በመርከበኞች ሥርዓት ነጭና ሰማያዊ የሆነው፣ ጠላቂ በታች እንዳለ ያመለክታል፤ ምልክት ነው እንጂ አጥር አይደለም፣ የሚጠቅመውም ለሚያውቀው ነጂ ብቻ ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ሕግ፣ በሰፊ ውኃ ላይ ጀልባ ከባንዲራው 90 ሜትር ያህል እንዲርቅ፣ ሊቀርብ ግድ ቢሆንበት እጅግ ቀስ እንዲል ሲያዝ፣ በዚያው ቃል ጠላቂውም ከባንዲራው እንዳይርቅ ያስገድደዋል። ባንዲራውን ዳር ላይ ተክሎ ሩብ ኪሎ ሜትር ርቆ ብቅ የሚል ሰው ስለዚህ ነጂውን ሊወቅስ አይገባውም፤ ርቆ መውጣት ግድ ከሆነበት፣ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነውን በአየር የሚነፋ ረጅም ከረጢት በገመድ አስሮ፣ ገና ሳይወጣ ከታች አስቀድሞ መስደድ አለበት።

«ሞተሩ ቆሟል» ብሎ በጀልባው ኋላ መውጣትም የብዙዎች ልማድ ነው። ነጂው ከማርሽ ቢያወጣውም ጀልባው በተንሸራተተ ጊዜ የሞተሩ ስለት በውኃው ኀይል ሊዞር ይችላል፤ ነጂው በስሕተት ማርሹን የነካ እንደ ሆነማ፣ ስለቱ ከሰው እግር ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይጠፋ፣ ቁልፉም በነጂው እጅ ሳይታይ መሰላሉን መያዝ አይገባም። በላንጋኖ ዳርቻ ልጆች ከኋላ ተንጠልጥለው ሲሳሳቁ ያየ አባት ይህን ሳያስታውስ ባያልፍ መልካም ነው።

የመጨረሻው ተረት፣ ከውኃው ወጥቶ ጀልባውም ከራቀ በኋላ አደጋው አለቀ ማለት ነው፤ ይኸውም ከማንም ይልቅ ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ አደጋ አለው። ጠላቂ በጥልቅ ውኃ ግፊት ሥር የታመቀ አየር ሲተነፍስ፣ ናይትሮጂን የተባለው ጋዝ በደሙና በሥጋው ይሟሟል፤ በዝግታ ከወጣ ጋዙ በትንፋሽ ይለቀቃል፣ ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲብስም ሰውን ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ የጠላቂዎች ደኅንነት ተቋማት፣ አንድ ጊዜ የጠለቀ ከ12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ከ18 ሰዓት በፊት አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመክራሉ፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሳሳልና። ካዛንቺስ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጅቡቲ ተመልሶ ቤቱ የገባ ጠላቂ፣ ከአውሮፕላኑ ቢወርድም ከዚያ ከሳሳው አየር አልወረደም። በቢሾፍቱ ሐይቆች የሚጠልቅም፣ ሥፍራው 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ስላለ፣ ለባሕር ወለል የተሠራውን የመጥለቂያ ሰንጠረዥ ሳያርም አይጠቀምም፤ በዚያው ቀንም በፈጣኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሌላ 400 ሜትር ያህል መውጣቱን ይቍጠር። በጅቡቲ ሁለትና ሦስት ጊዜ የጠለቀ እንግዲህ የመመለሻ ቲኬቱን ሲቈርጥ፣ መጨረሻ ከጠለቀበት ቀን ማግስት ከሰዓት በኋላ ያድርገው።