የቆሻሻ ክፍያ በውሃ ቆጣሪ ሲለካ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ጳውሎስ አካባቢ ከየቤቱ ለሚሰበሰበው ደረቅ ቆሻሻ ነዋሪው የሚከፍለው ከውሃ ሂሳቡ ጋር ነው። በአዲስ አበባ ለዓመታት በተሠራበት ስሌት መኖሪያ ቤቶች የውሃ ሂሳባቸውን 20 በመቶ፣ የንግድ ድርጅቶች ደግሞ 42.5 በመቶ ለጽዳት ይከፍሉ ነበር።

አሠራሩ ገቢን በቀላሉ ለመሰብሰብ ይረዳል፤ የተለየ ደረሰኝም ሆነ ገንዘብ ሰብሳቢ አይጠይቅም። ይሁንና ቆጣሪው የሚለካው ውሃን እንጂ ቆሻሻን አይደለም። የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚያድግ፣ በርካታ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ የጽዳት ክፍያውም አብሮ ይንራል። የጓዳውን ትርፍራፊ ለይቶ ኮምፖስት የሚያዘጋጅ ነዋሪ በአንጻሩ ቅናሽ አያገኝም።

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊን በመጠኑ ታስከፍላለች። ቁጥጥር በላላበት ቦታ ግን ይህ ዘዴ ከክፍያ የሚሸሸውን ሰው ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ እንዲጥል ሊገፋፋው ይችላል። ከእንጦጦ የሚነሱ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በዚያ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣም ተመልሶ ለከተማዋ ገበያ ይቀርባል።

ከከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። በመሆኑም የከተማ አስተዳደሩ የገቢ ምንጮቹን ሲፈትሽ፣ ለይቶ ለሚያስረክብ ነዋሪ የክፍያ ቅናሽ ማድረግ ከቅጣት ይልቅ ወንዙንም ማሳውንም የሚታደግ አማራጭ ይሆናል።