የኮልፌ አከራዮች፦ ቤት የሚጨምረውና ቤት የሚሻማው

ከአየር ጤና ተነስቶ ወደ ቤቴል ወይም ወደ ዓለም ባንክ የሚያቀና ሰው የመብራት ምሰሶዎቹን ልብ ካለ፣ አንዱ «የሚከራይ ቤት»፣ ሌላው «የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወረቀት ላይ ያለው ስልክ የአንድ ደላላ ነው። በየቡናው የሚነሳው ክርክርም ከዚሁ ምሰሶ አይርቅም። ተከራዩ «ቤት ያለው ሰው ሌላ ቤት እየገዛ ሲያከራይ እኛ መቼ ባለቤት ልንሆን ነው?» ይላል። አከራዩ ደግሞ «እኔ ባላከራይህ የት ትገባ ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ችግሩ የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት አከራይ አለመሆኑ ነው።

ክርክሩ ኮልፌ ቀራኒዮ ላይ መክረሩ አይገርምም። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ክፍለ ከተማው 428,895 ነዋሪ ነበረው፤ ያኔ ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት የሚወዳደረው አልነበረም። መርካቶ አጠገቡ ነው። ቀን መርካቶ ሲሸከም፣ ሲቸረችር፣ ሲሰፋ የዋለ ሰው ማታ የሚገባው በአመዛኙ ወደ አጠና ተራ፣ ወደ ሉካንዳ፣ ወደ ጠሮ፣ ወደ 18 ማዞሪያ ነው። የሚገባውም የራሱ ወዳልሆነ ቤት ነው።

እስቲ አንዱን ግቢ ገባ ብለን እንየው። ከፊት የባለቤቶቹ ቤት አለ፤ ሳሎኑ ሴራሚክ የለበሰ፣ በረንዳው ላይ አበባ የተደረደረበት። ከኋላ አጥሩን ተደግፈው በመስመር የቆሙ አምስት ስድስት ክፍሎች አሉ፤ ግድግዳቸው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ጣራቸው ቆርቆሮ። ሰርቪስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ ለሁሉም። ቢል ሲመጣ ሒሳቡ የሚካፈለው በአምፖልና በምጣድ ነው፤ ፍሪጅ ያለው ይጨምራል፣ ካውያ የሚያበዛ ይገሠጻል። ቤት ፈላጊ ሲመጣ የግቢው ባለቤት እማማ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ?» ብለው ነው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ በር ይዘጋል። ተከራዩ በዚህ ሁሉ ይማረራል፤ መማረሩም ልክ ነው።

ነገር ግን እኚህ እማማ የማንንም ቤት አልገዙም። ባዶ የነበረ ጓሮ ላይ ክፍል ጨመሩ። ኪራዩም ጡረታቸው ነው፤ የሟች ባላቸው ደመወዝ ምትክ ነው። እሳቸው እነዚያን ክፍሎች ባይሠሩ ኖሮ ተከራዩ ባለ ካርታ አይሆንም ነበር፤ ከከተማው ይርቅ ነበር እንጂ። ስለ አከራይ ስናወራ ከሁሉ በፊት ጣቴን ልቀስርባቸው የማልወደው የእነዚህን ግቢዎች ባለቤቶች ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ወደ ሚኪሊላንድና መሰል የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ስንሻገር ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በአርከበ ዕቁባይ የከንቲባነት ዘመን ሲጀመር ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ የቤት ባለቤት እንዲሆን። በ1997 ዓ.ም ምዝገባ ተካሄደ፤ በ2005 ደግሞ ሁለተኛው ምዝገባ ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። ነዋሪው 20 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን ባንክ በሚያበድርበት በ20/80 ባለ አንድ መኝታ የፈለገ በየወሩ 274 ብር፣ ባለ ሁለት መኝታ የፈለገ 561 ብር ንግድ ባንክ እያስገባ ዕጣውን ይጠብቅ ጀመር። ከእነዚህ ቆጣቢዎች ውስጥ በ2017 ዓ.ም 12 ዓመት ሞልቷቸው ቁልፍ ያልጨበጡ አሉ። በ2014 ሐምሌ የወጣው 14ኛው ዙር ዕጣ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች በ2015 ኅዳር እንደገና ዕጣ ወጣባቸው። ይህን ያህል የተጠበቀ ቤት ነው እንግዲህ ዛሬ ምሰሶ ላይ «የሚከራይ» ተብሎ የሚለጠፈው።

የሚያከራየው ማን ነው? ሁለት ሰው ነው። አንደኛው ባለ ዕጣው ራሱ ነው። ዕጣ ሲደርሰው 20 በመቶውን ዘመድ አስቸግሮ ከፈለ፤ ቤቱን ሲረከብ በር፣ ወለል፣ ቀለም ገና ይቀረዋል፤ ከዚያ የባንኩ ወርኃዊ ዕዳ መጣ። ደመወዙ አልቻለውም። ስለዚህ ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ፣ እሱ ከነቤተሰቡ እማማ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ውስጥ ገባ። ሰውየው በወረቀት የቤት ባለቤት፣ በኑሮ ተከራይ ነው። እሱን «ባለሀብት አከራይ» ብሎ መክሰስ ፌዝ ይሆናል።

ሁለተኛው ከእርሱ የሚገዛው ነው። ሕጉ ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገበያው ግን መላ አያጣም፤ በውክልና ተሽጦ፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ፣ ስሙ እስኪዛወር መጠበቅ የተለመደ ሆነ። አምስት ዓመቱ ካለቀማ ነገሩ በአደባባይ ነው። ነጋዴው፣ ዲያስፖራው፣ ጥሩ ደመወዝ ያለው ባለሙያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤቱን ይይዛል። ተከራዩ ቡና ላይ የሚያማው ይሄን ነው፤ ቢያማም አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት በ4 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ በወር 20 ሺህ ብር ቢከራይ፣ በዓመት 240 ሺህ ያስገባል፤ 6 በመቶ መሆኑ ነው። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ እንኳ 7 በመቶ ነው። ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? ለኪራዩ ብሎ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ 100 ብር አለፈ። ባንክ የተቀመጠ ብር እንደ በረዶ ሲቀልጥ ሲሚንቶና ብረት ግን ዋጋቸውን ይዘው ይቆያሉ። ገዢው ከኪራይ ገቢ ይልቅ ከግሽበት መሸሸጊያ እየገዛ ነው። ለዚህም ነው አንዳንዱ ቤት ከነጭራሹ ሳይከራይ፣ መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበት ዓመታት የሚቆየው። በእኔ ግምት ባዶ ቤት ከሚከራየው ይልቅ ይከፋል። ያከራየው ቢያንስ አንድ ቤተሰብ አስጠልሏል።

አከራይን ማጥፋት መፍትሔ ነው የሚል ካለ፣ ይህች አገር ሞክራዋለች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ ለመኖሪያ ቤት ከ500 ካሬ ሜትር በላይ መያዝ ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ተፈቀደለት፤ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄደ። ኪራይም ተቀነሰ። የዛን ዕለት የተደሰተው ተከራይ ብዙ ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም፤ የከተማው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበርና። ከዚያስ? የሚከራይ ቤት የሚሠራ ጠፋ። የቀበሌ ቤት ኪራይ በጣት በሚቆጠር ብር ተቸንክሮ ስለቀረ ቀበሌው የሚጠግንበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ቆርቆሮው ዛገ፣ ምርጉ ተራገፈ። ልጆች አድገው ሲያገቡ ሌላ ቤት ስለሌለ እዚያው ቆጥ ሠርተው ገቡ። ደባል የሚባለው ኑሮም ተስፋፋ። አዋጁ አከራይን አስቀረ፤ ቤት አልጨመረም።

ሌላው ዓለምም ይህን ፈተና እየተፈተነ ነው። ኔዘርላንድ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሞች በመረጧቸው ሰፈሮች ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ለአራት ዓመት እንዳያከራይ እንዲከለክሉ ፈቀደችላቸው። ሮተርዳም ላይ የተደረገ ጥናት ያገኘው አስተማሪ ነው። ባለሀብት ገዢዎች ቀነሱ፣ በቦታቸው ለመኖር የሚገዙ ሰዎች ገቡ። የተከራዩ ክስ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ አከራይ ገዢ በእርግጥ ሌላውን ከገበያ ይገፋ ነበር። ነገር ግን የቤት ዋጋ አልወረደም፤ ኪራይ ደግሞ በ4 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተከራዮች ቦታ አጡ። ባለቤት የሆነው መካከለኛው ሰው ሲሆን ዕዳውን የከፈለው ከእርሱ በታች ያለው ነው።

ለእኛ ከሮተርዳም ይልቅ ሲንጋፖር ትቀርባለች፤ እሷም በመንግሥት ቤት የተገነባች ከተማ ናትና። እዚያ የመንግሥት ቤት የደረሰው ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት ሊኖርበት ግድ ነው፤ መሸጥም፣ ሙሉ ቤቱን ማከራየትም አይችልም። የእኛ ሕግ ያን አምስት ዓመት ከሽያጭ ጋር ብቻ አያያዘው። «አትሽጥ» አለ እንጂ «ኑርበት» አላለም። ለደሃ ተብሎ በድጎማ የተሠራው ቤት ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ኪራይ ገበያ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። እርግጥ «ኑርበት» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ዕዳው የከበደውን ባለ ዕጣ ግን ሐራጅ ላይ ሊጥለው ይችላል። ግዴታው የሚሠራው የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ ከገቢው ጋር ከተመጣጠነ ብቻ ነው።

በኪራዩ በኩል ደግሞ መጋቢት 2016 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ። ስድስት ወር፣ ዓመት ቅድሚያ ሲጠየቅ ለኖረ፣ በስልክ «በሚቀጥለው ወር ልቀቅ» ለተባለ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ወረዳ ላይ የሚታየው ውልና በእጅ የሚቆጠረው ብር የሚለያዩበት ቤት መኖሩን የኮልፌ ሰው ያውቃል፤ ቢሆንም አዋጁ መውጣቱን እደግፋለሁ። የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው። አዋጁ ጓሯቸው ላይ አምስት ክፍል የሠሩትን እማማና አምስት ኮንዶሚኒየም የሰበሰበውን ሰው በአንድ ዓይን ያያል። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ግብርም የንብረቱን ዋጋ ይዞ የሚሰላ ነው፤ ባለቤቱ ይህ ስንተኛ ቤቱ እንደሆነ አይጠይቅም። ቤት የሚጨምረው ጫናው ሲከብደው ክፍል መሥራት ያቆማል፤ ከኪራዩ ይልቅ የዋጋ ንረቱን የሚጠብቀው ደግሞ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ከመነሻው ወደ ተከራዩ ጥያቄ ስመለስ መልሴ፦ አዎ፣ የተሠራ ቤት እየሰበሰበ የሚያከራይ ሰው የሌላውን ባለቤትነት ያርቃል፤ በተለይ ቤቱ በሕዝብ ድጎማ የተሠራ ሲሆን። ቤቱን ብርቅ ያደረገው ግን እሱ አይደለም። መሬቱ በመንግሥት እጅ ነው፤ በሊዝ ጨረታ የሚወጣው ቦታ በቁጥር ነው። የመጀመሪያው የግል የቤት ባንክ ጎህ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም ነው፤ ደመወዝተኛው ዛሬም ቤት የሚገዛበት የረጅም ጊዜ ብድር ማግኘት ጭንቁ ነው። ብድር የሌለበት ገበያ ላይ ቤት የሚገዛው ጥሬ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ያለው ደግሞ አስቀድሞ ቤት ያለው ነው።

የከተማው አስተዳደርና ምክር ቤቱ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። ከእንግዲህ ዕጣ የሚወጣለት ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ይገደድ፤ ክፍያው ግን በደመወዙ ልክ ይሁንለት። በንብረት ግብሩ ከሁለተኛው ቤት ጀምሮ መጠኑ ይጨምር፤ ባዶ የተቆለፈ ቤት ከሁሉ በላይ ይክፈል። ጓሮው ላይ ንጹሕ ሽንት ቤትና የራሱ ቆጣሪ ያለው ክፍል ለሚሠራ የግንባታ ፈቃዱ በወረዳ ደረጃ ይቅለልለት፣ ለጥቂት ዓመታትም የኪራይ ግብር ይታለፍለት። ከ2005 ጀምሮ በየወሩ 274 ብር ሲያስገባ ለኖረው ቆጣቢ ደግሞ ቤቱ መቼ እንደሚደርሰው፣ የማይደርሰው ከሆነም ገንዘቡ በምን ዋጋ እንደሚመለስለት ቀን ተቆርጦ ይነገረው።