ጉሮሮው ላይ አጥንት የለም

በእኛ በእንስሳት ሐኪሞች ሙያ የሚፈራው ውሻ ጸጥ ያለው ነው። እየሮጠ የሚናከሰውንማ አራዳ ሁሉ አይቶ ይሸሸዋል። ጸጥ ያለው ግን በባለቤቱ እቅፍ ሆኖ ክሊኒክ ይገባል።

አፉ አልገጥም ብሏል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ውሃ ቢሰጡት አይወርድለትም። «ዶክተርዬ፣ አጥንት ተቀርቅሮበት ነው መሰለኝ፤ እስቲ አይተህ አውጣለት» ይላሉ እናት። ባለሙያው ባትሪ አብርቶ ጣቱን ወደ ጉሮሮ ይሰዳል። አጥንት የለም። የእብድ ውሻ በሽታ የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻን ሲያሽመደምድ ምልክቱ ይኸው ነው። ቫይረሱ የሚወጣው ደግሞ በዚያው ለሀጭ ነው። መነከስ የግድ አይደለም፤ ጥፍር ሥር ያለች ጭረት ትበቃዋለች። ላምና አህያም እንዲሁ የታነቁ መስለው ይመጣሉ።

ብሩሴላና አባ ሰንጋም ከእንስሳት ይይዙናል፤ በጊዜ ከተደረሰባቸው በአንቲባዮቲክ ይታከማሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ያቺ ጭረት ተረስታ ነው የሚነሳው።

አዲስ አበባ በሽታውን ከጥንት ታውቀዋለች፤ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ወረርሽኝ ተመዝግቦባታል። የተጠረጠረ ውሻ ሲሞት ናሙናው የሚላከው ከፒያሳ ብዙም ወደማይርቀው ፓስተር፣ ወደ ኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ መቆረጥ አለበት። ታዲያ ቢላውን ማን ይይዛል? አንዳንዴ ረዳቱ፣ አንዳንዴም ለተግባር ልምምድ የመጣ ተማሪ። ወፍራም ጓንት፣ መነጽርና ማስክ ከሌለ ያ ሥራ መጀመር የለበትም።

ሌላው መከላከያ ክትባቱ ነው፤ የሚፈሩት ግን አሉ። ትዝ የሚላቸው ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረው፣ ቀን በቀን ሆድ ላይ የሚወጋው ነው። የዛሬው ክንድ ላይ ይሰጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት አስቀድሞ ለመከላከል በ7 ቀን ልዩነት 2 ጊዜ መከተብ ይበቃል።

የተከተበ ሰውም ቢነከስ ወይም ለሀጭ ቁስሉን ቢነካው፦

• ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ።
• ዛሬ ነገ ሳይል ጤና ተቋም ይሂድ። ለእሱ በ3 ቀን ልዩነት 2 ማጠናከሪያ ክትባት ይበቃዋል። ያልተከተበው ግን ተጨማሪ ክትባት፣ ቁስሉ ከባድ ከሆነም ውድና እንደ ልብ የማይገኘው ኢሚዩኖግሎቡሊን ያስፈልገዋል።

ክሊኒክ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ክትባቱ ለዶክተሩ ብቻ አይሁን። ውሻውን ጨብጦ የሚይዘው፣ ጠረጴዛውን የሚያጥበውና ተማሪውም ይከተቡ። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሩ መጀመሪያ አስከትቡት፤ ውሻ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው።