የምናጥነው ዕጣን ከየት ይመጣል? የዕጣን ዛፍና የእኛ መጋቢነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዕጣን ከአምልኮታችን ተለይቶ አያውቅም። አባቶቻችን ጽናው የእመቤታችን፣ በውስጡ ያለው ፍሕም ደግሞ ከእርሷ የተወለደው የጌታችን ምሳሌ መሆኑን አስተምረውናል። ወደ ላይ የሚወጣው የዕጣን ጢስ ከቅዱሳን ጸሎት ጋር በእግዚአብሔር ፊት እንደሚያርግ ቅዱስ ዮሐንስ በራእዩ ጽፎልናል (ራእ. 8፥3-4)። ሰብአ ሰገልም ለተወለደው ንጉሥ ካቀረቧቸው ሦስት እጅ መንሻዎች አንዱ ዕጣን ነበር (ማቴ. 2፥11)።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ዕጣንን የምናውቀው ከገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ ስንገዛው ወይም በስእለት ለቤተ ክርስቲያን ስናስገባው ነው። ከዚያ በፊት የት እንደነበረ፣ ማን እንደለቀመው፣ የወጣበት ዛፍ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አንጠይቅም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለማንሣትና ከመጋቢነታችን ጋር አያይዞ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የዕጣን ዛፍና መኖሪያው

በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ የሀገራችን ቆላማ አካባቢዎች፣ በመተማ፣ በቋራ፣ በሁመራ፣ በአበርገሌና በመሳሰሉት፣ ሙቀቱ ከባድ በሆነበት፣ አፈሩ በሳሳበት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ዕጣን ከፍተኛው ድርሻ የሚገኘው ከዚህ ዛፍ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ሌላ በኤርትራና በሱዳንም በስፋት ይገኛል።

ዕጣን የዛፉ ሙጫ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለቃሚዎች በትንሽ ስለታም መሣሪያ የግንዱን ቅርፊት በመጠኑ ይልጡታል። ዛፉም ቁስሉን ለመሸፈን ነጭ ሙጫ ያነባል፤ ሙጫውም በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል። ለቃሚው ከቀናት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይሰበስባል፤ ያንኑ ቁስል ጥቂት አስፍቶ ያድሰዋል። ይህ ሥራ እስከሚቀጥለው የዝናብ ወቅት ድረስ ደጋግሞ ይከናወናል። እንግዲህ በቤተ መቅደስ የሚያርገው መዓዛ ከቁስል የሚወጣ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ቁስሉ በልክ ሲሆን ዛፉ ይድናል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ይሞታል።

ዛፉ ለሰው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም

የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች፣ ተፈጥሮ ለሰው ልጅ የምትሰጣቸውን ልዩ ልዩ ጥቅሞች የሥነ ምኅዳር አገልግሎቶች ይሏቸዋል። የዕጣን ዛፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንደኛ ደረጃ ሙጫው ለአምልኮ፣ ለመድኃኒትና ለሽቶ ይውላል። በሌሎች ሰብሎች ብዙ ተስፋ በማይደረግበት አካባቢ ለለቃሚዎች፣ ለነጋዴዎች እንዲሁም ዕጣኑን በየደረጃው ለሚለዩት፣ አብዛኞቹ ሴቶች ለሆኑ ሠራተኞች እንጀራ ነው።

ከዚህም በተጨማሪ በገበያ ዋጋ የማይወጣላቸው ጥቅሞች አሉት። ሥሩ ሌላ ዛፍ በማይችለው ተዳፋት ላይ አፈር ይይዛል። በበጋ ቅጠሉ ረግፎ ባለበት ጊዜ ስለሚያብብ፣ ሌላ አበባ በሚጠፋበት ወቅት ለንቦች መኖ ይሆናል። ቅጠሉ ለከብት ምግብ፣ ጥላው ለመንገደኛ ማረፊያ ነው። ዛፉ ሲጠፋ የሚጠፋው ዕጣን ብቻ አይደለም፤ ማሩም፣ አፈሩም፣ ጥላውም አብረው ይሄዳሉ።

ዛፉ ለምን አልተተካም?

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን በሚገኙ የዕጣን ደኖች ላይ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ታትሞ ነበር። ጥናቱ ከተመለከታቸው ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች አልተገኙም። ያሉት ያረጁት ብቻ ናቸው፤ የሚተካቸው የለም። ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ በሃያ ዓመታት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ተመራማሪዎቹ አስጠንቅቀዋል።

ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። ልቅ ግጦሽ ችግኙን ያጠፋዋል፤ በበጋ የሚለቀቅ እሳት የተረፈውን ያቃጥለዋል፤ ደኑ ለእርሻ ይመነጠራል፤ ግንዱን የሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎች የተዳከመውን ዛፍ ይጥሉታል። ከልክ ያለፈ ማቁሰልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በኤርትራ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ካልቆሰሉ ዛፎች ከተገኘው ዘር ከመቶ 80 የሚበልጠው ሲበቅል፣ በብዛት ከቆሰሉት የተገኘው ግን ከመቶ 16 እንኳ አልደረሰም። ዛፉ ያለውን ጉልበት ሁሉ ለሙጫ ሲያውል ለልጆቹ የሚያተርፈው ያጣል ማለት ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ማልማትና መጠበቅ በአንድነት የተሰጡ ትእዛዛት ናቸው። እየጠበቀ የማያለማ ሰነፍ ነው፤ እያለማ የማይጠብቅ ደግሞ አጥፊ ነው።

በኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ እናቲቱን ግን እንዲለቃት ታዝዟል (ዘዳ. 22፥6-7)። በዚህ አጭር ትእዛዝ ውስጥ ትልቅ ምሥጢር አለ፤ ፍሬውን መጠቀም ይቻላል፣ የፍሬውን ምንጭ ማጥፋት ግን አይገባም። በኦሪት ዘሌዋውያንም ምድሪቱ በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዝዟል (ዘሌ. 25፥4)። ምድር ዕረፍት የሚያስፈልጋት ከሆነ በየዓመቱ የሚቆስለው ዛፍማ እንዴት አያስፈልገው?

ንጉሡ ዳዊትም ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን ያለ ዋጋ ሊሰጠው በወደደ ጊዜ፣ ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ አላቀርብም ብሎ በሃምሳ ሰቅል ብር ገዝቶታል (2ኛ ሳሙ. 24፥24)። እኛም ለዕጣኑ ዋጋ እንከፍላለን። ነገር ግን ዛፉ እየሞተ፣ የለቃሚው ድካም ተገቢው ዋጋ ሳይከፈለው፣ መጪው ትውልድ ባዶ ተራራ እየወረሰ የሚገኝ ዕጣን ከሆነ፣ የመባችንን ሙሉ ዋጋ የከፈልነው እኛ ሳንሆን ሌሎች ናቸው።

ዘላቂ ንግድ ምን ይመስላል?

አንዳንድ ነጋዴዎች “እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል” ይላሉ። ደኑን ለአጭር ጊዜ ብቻ የተረከበ ሰው በዚያ ጊዜ የቻለውን ያህል መሰብሰቡ አይደንቅም፤ የነገው ዛፍ የእርሱ አይደለምና። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ለአካባቢው ነዋሪዎችና ለማኅበሮቻቸው የረጅም ጊዜ መብትና ኃላፊነት መስጠት ነው። ልጆቹ እንደሚወርሱት የሚያውቅ ሰው ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው በልክ መሰብሰብ ነው። ገና ያልጠነከረውን ቀጭን ዛፍ አለማቁሰል፣ የቁስሎቹን ቁጥር በግንዱ ውፍረት መወሰን፣ ደኑን ከፋፍሎ በየተራ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ቁስል ከተወሰነ ቁጥር በላይ ቢበዛ ዛፉን ይጎዳል እንጂ ምርቱን በዚያው ልክ አይጨምርም። ሦስተኛው ችግኞች እስኪጠነክሩ ድረስ ደኑን ከከብትና ከእሳት መከለል ነው። የዕጣን ችግኝ በየበጋው ወደ ሥሩ ደርቆ በክረምት እንደገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ብዙ ዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ይህ ሁሉ በቤተ መቅደስ የሚታጠነው ዕጣን ይቀነስ ለማለት አይደለም። ቁጠባ ከተፈለገ በየቤታችን ለቡናና ለመዓዛ ብቻ ያለ ልክ ከምናጨሰው መጀመር እንችላለን።

የሰበካ ጉባኤያት ዕጣን ሲገዙ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተሰበሰበ ሻጩን ይጠይቁ፤ ደናቸውን ከሚጠብቁ ማኅበራት መግዛት ሲቻል በዋጋ ጥቂት ቢበልጥ እንኳ ያንን ይምረጡ። በውጭ ሀገር የሚገኙ አጥቢያዎችም ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ፤ ብዙ ገዥ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ነጋዴ መስማቱ አይቀርምና። በቆላማ አካባቢ ያሉ ገዳማትና አድባራት በይዞታቸው የዕጣን ዛፍ ቢያለሙ አርአያ ይሆናሉ። ዕጣን የተሳለ ምእመንም ከዕጣኑ ጋር ለዛፉ መከለያ የሚሆን ጥቂት ቢጨምር መልካም ነው። በንግዱ የተሰማራችሁ ወገኖቻችንም የለቃሚውን ደመወዝ በአግባቡ ክፈሉ፤ የተከለከለ ደመወዝ ወደ ሠራዊት ጌታ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቆናልና (ያዕ. 5፥4)።

አባቶቻችን ዕጣኑን ከነዛፉ አስረክበውናል። እኛም ለልጆቻችን ባዶ ጽና እንዳናስረክብ ዛሬ እንንቃ። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።