የተለጠፈው ዋጋና የተጣራው ወጪ፤ በአሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጆች ስለሚሰጠው የትምህርት እርዳታ

አንድ ተማሪ ኮሌጅ ለመግባት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ክፍያው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጆች ዘንድ መልሱ አንድ ቁጥር አይደለም። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንደኛው፣ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ «አቅሜ አይፈቅድም» በማለት ሳያመለክቱ መቅረት ነው። ሁለተኛው፣ «ትምህርቱ በነጻ ነው» ሲባል ሰምቶ ሌላውን ወጪ ሳያስቡ መግባትና በመካከሉ ማቋረጥ ነው። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎችም ከተሞች ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት፣ ራሳቸውም ከሥራ በኋላ የሚማሩት በእነዚህ ኮሌጆች ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የተጣራ ወጪ ማለት ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሰላ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚባለው ብዙውን ጊዜ በአካባቢውና በክፍለ ግዛቱ መንግሥት ገንዘብ እየተደገፈ በተለይ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ ነው። ዛሬም ከሚሠሩት ሕዝባዊ ኮሌጆች መካከል ቀዳሚው በ1901 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በጆልየት ከተማ የተቋቋመው ነው። ተማሪው ሁለቱን ዓመት ፈጽሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊዛወር፣ ወይም የሙያ ምስክር ወረቀት ይዞ ሥራ ሊገባ ይችላል። አብዛኛዎቹ ኮሌጆች የተማሪ ማደሪያ የላቸውም፤ ይህም ለሒሳባችን ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የትምህርቱ ክፍያ በእርግጥ ዝቅተኛ ነው። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ በ2024–25 የትምህርት ዘመን የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የሆነ ተማሪ ለአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ይከፍል ነበር። በዓመት 30 ክሬዲት ቢወስድ 1,380 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ሆኖም ይህ ገንዘብ በክፍለ ግዛቱ ታላላቅ ከተሞች ለአንድ መኝታ ቤት የአንድ ወር ኪራይ እንኳ አይበቃም። እንግዲህ የተማሪው ከባድ ወጪ ቤት፣ ምግብ፣ መጓጓዣና መጽሐፍ እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ኮሌጁ እነዚህን ሁሉ ደምሮ በግምት የሚያወጣው ቁጥር ጠቅላላ የመማሪያ ወጪ ይባላል። ከዚህ ላይ የማይመለሰው እርዳታ ብቻ ሲቀነስ የሚቀረው የተጣራ ወጪ ነው።

እርዳታው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የማይመለስ ስጦታ ነው፤ ከዚህም ዋናው በ1972 ተደንግጎ በ1980 በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም የተሰየመው ፔል ግራንት ሲሆን፣ በ2024–25 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ሁለተኛው ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ፣ ሦስተኛው ብድር ነው። የፌደራሉን መንግሥት እርዳታ ለማግኘት ፋፍሳ የሚባለውን ማመልከቻ መሙላት ግዴታ ነው፤ ማመልከቻውም ምንም አይከፈልበትም። የፔል ስጦታ የሚወሰነው በቤተ ሰቡ ገቢና ብዛት፣ እንዲሁም በሚወሰደው ክሬዲት ነው፤ በመንፈቀ ዓመት 12 ክሬዲት የሚወስድ ሙሉውን ድርሻ ሲያገኝ፣ 6 የሚወስድ ግማሹን ያገኛል። በዲቪ የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ ስለ ሆነ ለማመልከት ይችላል፤ በተማሪ ቪዛ የሄደ ግን ከፌደራሉ እርዳታ አይካፈልም።

ነገሩን ለማብራራት ግምታዊ ሒሳብ እናቅርብ። ትምህርት 5,000፣ መጽሐፍ 1,000፣ ቤትና ምግብ 9,000፣ መጓጓዣና ልዩ ልዩ 3,000፣ በጠቅላላው 18,000 ዶላር ነው እንበል። ተማሪዋ 7,000 ዶላር ስጦታ ብታገኝ የትምህርቱ ክፍያ ተሸፍኖ 2,000 ዶላር በእጇ ይገባል። ይህን አይታ «ኮሌጁ ከፈለኝ» ትል ይሆናል። የተጣራው ወጪዋ ግን 11,000 ዶላር ነው። የእርዳታው ደብዳቤ 3,500 ዶላር ብድር ጨምሮ «ቀሪ 7,500» ቢላት፣ ወጪው አልቀነሰም፤ የሚከፈልበት ቀን ብቻ ተላልፏል። እኛ በአገራችን ከ2003 ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ውል ላይ ስንፈርም ዕዳ እንደምንገባ እናውቃለን። ብድርም ከስጦታ ጎን ተሰልፎ ሲጻፍ ስጦታ አይሆንም።

ደብዳቤውን በጥንቃቄ ማንበብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ምርመራ፣ 91 በመቶ የሚሆኑት ኮሌጆች በደብዳቤያቸው የተጣራውን ወጪ ወይ ጨርሶ እንደማይገልጹ፣ ወይ አሳንሰው እንደሚያሳዩ ገምቷል።

ሌላም አደጋ አለ። ከመንፈቀ ዓመቱ 60 በመቶው ሳያልፍ ትምህርቱን ጨርሶ ያቋረጠ ተማሪ የፌደራሉን እርዳታ የሚያገኘው በተማረበት ጊዜ ልክ ነው። 30 በመቶውን ተምሮ ቢወጣ የእርዳታው 30 በመቶ ብቻ ይጸናለታል፤ ኮሌጁም መልሶ የከፈለውን ገንዘብ ከተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ አኳኋን የቤት ኪራይ አሸንፎት የወጣ ሰው፣ ሳይመረቅ ባለ ዕዳ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ድምዳሜ፣ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባል የሚል ነው፤ ከነኑሮው የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ስንት ነው? ከእርዳታው የማይመለሰው የትኛው ነው? ቀሪው በየወሩ ከየት ይመጣል? የቤተ ሰቡ ገቢ በቅርቡ የቀነሰ እንደ ሆነም ማስረጃ ይዞ የኮሌጁን የእርዳታ ክፍል እንደ ገና እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል። የተለጠፈው ዋጋ ማንንም ማስፈራት፣ «ነጻ» የሚለውም ቃል ማንንም ማዘናጋት የለበትም።