የእሁዱ ዋፍል ለሰኞ ቁርስ



በብዙዎቻችን ቤት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ያለው ሰዓት የሩጫ ሰዓት ነው። ልጆች ይለብሳሉ፣ የጠፋ ደብተር ይፈለጋል፣ ምሳ ይቋጠራል፤ የትምህርት ቤቱ መኪና ደግሞ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። በዚህ መሀል ቁርስ ወይ ይዘለላል፣ አለያም ስኳር የበዛበት ሻይና ግማሽ ዳቦ ሆኖ ያልፋል። ልጁ ግን ማታ እራት ከበላ ከአስር ሰዓት በላይ ሆኖታል። ረፋዱ ላይ ክፍል ውስጥ የሚያዛጋ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።

ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶች ይዘዋቸው ከሚመጡ የወጥ ቤት ዕቃዎች አንዱ የዋፍል መጋገሪያ ነው። ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያየሁባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ይህ ዕቃ እሁድ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ቢሠራ የሳምንቱን ቁርስ ያቀልላል። መጋገሪያው የሌላችሁም አትጨነቁ፤ ያው ሊጥ በመጥበሻ ላይ ወፈር ብሎ ሊጋገር ይችላል።

ሊጡ የሚጀመረው ቅዳሜ ማታ ነው። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾና ትንሽ ጨው በሦስት ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል። ኩፍ ስለሚል ሰፋ ያለ ዕቃ ይመረጥ። ተከድኖ ያድራል። ለምን ያድራል ቢባል፣ በጤፍም ሆነ በስንዴ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህም ብረትንና ዚንክን ይዞ ሰውነት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ሊጥ ሲቦካ የፋይቴቱ መጠን ይቀንሳል። እናቶቻችን እንጀራን አብኩተው መጋገራቸው ለጣዕም ብቻ አልጠቀመንም ማለት ነው። ስንዴው የተጨመረው ደግሞ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ብቻውን ሲሆን ዋፍሉ እየተፈረካከሰ ስለሚያስቸግር ነው።

እሁድ ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨመራል። ወተትና እንቁላሉ ማታ ያልገቡት ከፍሪጅ ውጭ ማደር ስለሌለባቸው ነው። ስኳሩን አታብዙ፤ ከጤናው በተጨማሪ ሊጡን ብረቱ ላይ እያጣበቀ ያሳርራል። ፈሳሽ ቫኒላ ብዙውን ጊዜ በአልኮል ስለሚዘጋጅ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። እኔ ግን ከቫኒላው ይልቅ የተወቀጠ ሄልን እመርጣለሁ።

መጋገሪያው በደንብ ከጋለ በኋላ ሊጡ ይፈስና ይከደናል። እንፋሎቱ እስኪቆም ድረስ አትክፈቱት፤ ቀድሞ ከተከፈተ ለሁለት ይከፈላል፣ መሀሉም ጥሬ ይሆናል። እንፋሎቱ ሲቆም በስሏል ማለት ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት ደረጃ ደርሰናል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ትኩሱን ዋፍል ደራርቤ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነበር። እንፋሎቱ ውሃ ሆነ፣ ረቡዕ ስከፍተው ሻግቷል። የሁለት ሰዓት ድካሜ ቆሻሻ መጣያ ገባ! መፍትሔው ቤታችን ውስጥ ያለ ዕቃ ነው፤ ንጹሕ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ይዘርጋ፣ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው። ሲቀዘቅዝ ለሁለት ቀን የሚበቃው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተረፈው ትሪ ላይ ተነጣጥሎ ፍሪዘር ውስጥ ይገባና ሲጠነክር በፌስታል ይሰበሰባል። እንዲህ ከተደረገ አንዱ ከሌላው አይጣበቅም፤ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ማውጣት ይቻላል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ግን መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፣ የዚያኑ ቀን ይበላ።

በሥራ ቀን ጠዋት ከፍሪዘር የወጣው ዋፍል ዘይት በሌለው መጥበሻ፣ በመጠነኛ እሳት ጥቂት ደቂቃ ሲገላበጥ እንደ አዲስ ይሆናል። ዋፍል ብቻውን ግን ሙሉ ቁርስ አይደለም። የተቀቀለ እንቁላል ወይም የለውዝ ቅቤ ቢታከልበት ልጁን እስከ ምሳ ያቆየዋል። ማር ለሚቀቡ ቤተሰቦች አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ የሕፃኑን ጡንቻዎችና አተነፋፈስ የሚያዳክም መርዝ አንጀቱ ውስጥ ሊያመነጭ ይችላል፤ ማሩ ንጹሕ መሆኑም ይህን አያስቀረውም።

ሻይንስ? በሻይ ውስጥ ያሉት ታኒኖች ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ሊጡን አሳድረን ያተረፍነውን በአንድ ብርጭቆ ሻይ መልሰን እንዳናጣው፣ ሻዩ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ይመረጣል። በምትኩ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ቢቀርብ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ለመውሰድ ያግዛል። ይህ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችንና የወር አበባ ማየት የጀመሩ ልጃገረዶችን ይመለከታል፤ የብረት እጥረት የሚበረታው በእነርሱ ላይ ነውና።

ፍሪጅ በሌለበት ቤት ዋፍል ለሳምንት ማቆየት አይሞከር። ለዚህ ከአርሲና ከባሌ እናቶች መማር ይበጃል። የገብስ በሶ በተነጠረ ቅቤ የሚታሽበት ጭኮ ውሃ ስለሌለው ያለ ፍሪጅ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል፤ መንገደኞችም ስንቅ ያደርጉታል። ቅቤው ብዙ በመሆኑ ለአንድ ልጅ ሁለት ሦስት ማንኪያ ከአንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ጋር ይበቃዋል፤ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ማንኪያውም ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን።